«ሠራተኛ» ማን ናት? የቤት ሥራና የማኅበራዊ ዋስትና አማርኛ ከካርቱም ሲታይ

ስለ ስደተኛ የቤት ሠራተኞች የሚጻፈው ጥናት በአብዛኛው ደመወዝን፣ ጉዞንና በደልን ይመለከታል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ቃላትን ነው። ከኢትዮጵያ ወደ ካርቱም የሄደች ሴት መብቷ የሚወሰነው በሁለት አገሮች ሕግ ሲሆን፣ ሁለቱም ሕጎች ስለ እርሷ የሚናገሩበት ቃል እርሷ ከምታውቀው ፍቺ ይለያል። ይህ ልዩነት የትርጉም ጉድለት ብቻ አይደለም፤ ማን ጥበቃ እንደሚያገኝና ማን እንደማያገኝ የሚለይ ድንበር ነው።

«ሠራተኛ» ከሚለው ቃል እንጀምር። በአዲስ አበባ ቤቶች «ሠራተኛ ቀጠርን» ሲባል ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም፤ የተቀጠረችው የቤት ሠራተኛ ናት። ቃሉ በቅርጹ ጾታ ባይለይም በቤት ንግግር በአንስታይ ይረባል፤ «ሠራተኛዋ መጣች» ይባላል። «ገረድ» የሚለው የቀድሞ መጠሪያ ስድብ እየሆነ ሲሄድ ቦታውን የወሰደው ይህ ቃል ነው። በካርቱም ዓረብኛም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። «ኻዲም» የሚለው ቃል በሱዳን አነጋገር የባርነት ዘመን ጥላ ያለበትና የሴት ባሪያ መጠሪያ የነበረ በመሆኑ፣ ዛሬ በየቤቱ የሚሰማው ከ«ሹግል» ማለትም ከ«ሥራ» የተገኘው «ሸጋላ» ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ አንድ መንገድ ተከትለዋል፤ ሁለቱም የውርደትን ስም ትተው የሥራን ስም ሰጥተዋታል።

ሕጎቹ ግን ይህን መንገድ አልተከተሉም። የሱዳን የ1997 (እ.ኤ.አ.) የሥራ ሕግ በ1955ቱ ሕግ የተተረጎሙትን የቤት አገልጋዮች ከተፈጻሚነቱ ወሰን ያወጣል። የ1955ቱ ሕግ ርእስ ራሱ «ኸደም አል-መናዚል» ሲሆን፣ የንግግሩ ቋንቋ የሸሸውን ሥርወ ቃል ይዞ ቆይቷል። በኢትዮጵያ በኩል የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 «የግል አገልግሎት ቅጥር» የሚል ምድብ አለው። በዚህ ምድብ ውስጥ ለአሠሪውና ለቤተሰቡ ጥቅም ያለ ትርፍ የሚከናወኑ የእንክብካቤ፣ የጽዳት፣ የጥበቃ፣ የአትክልት፣ የሹፍርናና የምግብ ማብሰል ሥራዎች ተዘርዝረዋል። አዋጁ እነዚህን ሥራዎች ከወሰኑ አውጥቶ፣ የሥራው ሁኔታ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ እንዲወሰን ይተዋል። እንግዲህ በቤት ንግግር ያለ ቅጽል «ሠራተኛ» የምትባለው ሴት፣ «ሠራተኛ» በሚለው ሕግ ውስጥ የለችም። ስሟን የያዘው አዋጅ ባለቤቱ ሌላ ሰው ነው። «በወንድ ጾታ የተገለጸው ሴትንም ይጨምራል» የሚለው የተለመደ ድንጋጌም አያድናትም፤ ያስወጣት ጾታዋ ሳይሆን የምትሠራበት ቤት ነውና።

አንድ ተቃውሞ ይጠበቃል። ሕግ ለቃላት የራሱን ፍቺ መስጠቱ በየቋንቋው ያለ ነገር ነው፤ ስለዚህ የሥነ ልሳን ባለሙያ ሊወቅሰው አይገባም የሚል። እውነት ነው፤ ልዩ ፍቺ ራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋት የሚሆነው ቃሉ በጣም ከሚጠራበት ሰው ላይ ፍቺው ሲነሣ፣ ይህም ለዚያ ሰው ሳይነገር ሲቀር ነው። «የግል አገልግሎት ቅጥር» የሚለውን ሐረግ የቤት ሠራተኛ ስለ ራሷ ስትጠቀምበት አይሰማም። በወጣችበት በር ላይ የተጻፈው ስም የማታውቀው ስም ነው።

ሁለተኛው ቃል «ዋስትና» ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 «ማኅበራዊ ዋስትና» ይላል፤ የጡረታ ተቋማትም በዚሁ ስም ተጠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ብሔራዊ ፖሊሲ ደግሞ «ማኅበራዊ ጥበቃ» የሚለውን መርጧል። ሁለቱ ቃላት ለባለሙያ የተለያየ ስፋት አላቸው። በቅጥር ገበያው ግን «ዋስ» የታወቀ ሰው ነው። ደላላ ያመጣት ልጅ ሥራ ከመጀመሯ በፊት ዋስ ወይም ተያዥ እንድታቀርብ ትጠየቃለች፤ ዕቃ ቢጠፋ የሚጠየቀው እርሱ ነው። ስለዚህ በዚህች ሴት ልምድ ዋስትና የምትሰጠው እንጂ የምታገኘው ነገር አይደለም። «ማኅበራዊ ዋስትና ይገባሻል» የሚል ጽሑፍ ሲነበብላት፣ ቃሉ የሚያስታውሳት ጡረታን ወይም የወሊድ ፈቃድን ሳይሆን ተያዧን ነው። «ጥበቃ»ም ከዚህ የተሻለ ዕድል የለውም፤ በዕለት ንግግር በር ላይ የሚቆመው ዘበኛ ስም ነው። ስለ መብት የሚጽፍ ሰው ቃሉን ሳይፈታ ካለፈ፣ ከባዶ ሳይሆን ከተቃራኒ ፍቺ ጋር ይታገላል።

ሦስተኛው ቃል «ስምሪት» ነው። የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 በርእሱ የያዘው ይህ ቃል፣ አሰማሪ እንዳለ አስቀድሞ ይናገራል፤ ተሽከርካሪም ሠራዊትም ስምሪት የሚወጣው በሌላ ትእዛዝ ነው። አዋጁ ኤጀንሲን፣ የሥራ ውልንና በአገሮች መካከል የሚደረግን ስምምነት መሠረት ያደርጋል። በመተማና በገላባት በኩል በገዳሪፍ አድርገው ካርቱም የደረሱት ብዙዎቹ ግን ያሰማራቸው የለም። «ሄደች» ወይም «ተሰደደች» ነው የሚባለው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ በካርቱም ሲፈነዳ ከሸሹት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ በዚያው በመተማ ተመልሰዋል። ያለ ጽሑፍ ውል ስትሠራ ለኖረች ሴት፣ በዴይም ወይም በጅሬፍ እየኖረች የሠራችባቸው ዓመታት በየትኛውም አገር መዝገብ የአገልግሎት ዘመን ሆነው አይቆጠሩም። ያልተሰማራ ሰው «ከስምሪት ተመላሽ» አይባልም።

አራተኛው ቃል ቤተሰቡን ይመለከታል። በየቤቱ «ሞግዚት» ማለት ደመወዝ ተከፍሏት ልጅ የምትይዝ ሴት ናት። በቤተሰብ ሕጉ ግን ሞግዚት ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ ጉዳይ የሚያስፈጽም ሕጋዊ ኃላፊ ነው። ካርቱም የምትሠራው እናት በመጀመሪያው ፍቺ የሰው ልጅ ሞግዚት ናት። የእርሷን ልጅ በአገር ቤት የምታሳድገው አያት ወይም አክስት ደግሞ የሁለተኛው ፍቺ ያስፈልጋታል፤ በልጁ ስም ለመፈረም ሥልጣን ስትጠየቅ «አሳዳጊው ነኝ» ማለቷ ብቻ አይበቃም። በሁለቱ አገሮች መካከል የተዘረጋው የእንክብካቤ ሰንሰለት በአንድ ቃል ይጠራል፤ ሕግ የሚያውቀው ግን የሰንሰለቱን አንዱን ቀለበት እንኳ በሙሉ አይደለም።

ከእነዚህ ሁሉ ጋር ሲነጻጸር «ሐዋላ» ያለ ችግር ድንበር የተሻገረ ቃል ነው። ማስተላለፍን ከሚያመለክት የዓረብኛ ሥር መጥቶ በአማርኛ የባንክና የፖስታ ቃል ሆኗል፤ ላኪዋም፣ ተቀባይዋም፣ የባንኩ ጸሐፊም በአንድ ፍቺ ይረዱታል። ገንዘብን ከአገር ወደ አገር ለማዛወር ሁለቱ ቋንቋዎች የሚጋሩት ቃል አለ። የተሠራበትን ዘመን፣ የጡረታ መዋጮን ወይም የጉዳት ካሳን ይዞ ለመሻገር ግን በካርቱምና በአዲስ አበባ እኩል የሚታወቅ ቃል የለም። ቃሉ የጠፋው አሠራሩ ስለሌለ ነው ቢባል ትክክል ነው። ነገር ግን ሊጠይቀው የሚገባው ሰው በራሱ ቃል ሊጠይቀው የማይችለው አሠራር አይወለድም።

ከዚህ ሂስ ለሙያችን ሁለት ሥራዎች ይከተላሉ። አንደኛው፣ ለቤት ሠራተኞች በአማርኛ የሚዘጋጅ ማንኛውም የመብት ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ለራሳቸው ተነቦ የተረዱት በራሳቸው አነጋገር እንዲመዘገብ ማድረግ ነው፤ «ዋስትና» የሚለው ቃል ምን እንደሚያስተላልፍ የሚታወቀው በዚህ ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ በካርቱም ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ዘንድ የሚነገሩትን የአማርኛ፣ የትግርኛና የሱዳን ዓረብኛ የሥራ ቃላት ከሕግ ፍቻቸው ጎን ለጎን መሰብሰብ ነው። ተናጋሪዎቹ በጦርነቱ እየተበተኑ ስለሆነ ይህ ሥራ ጊዜ አይሰጥም። «ሠራተኛ» የሚለውን ስም ሕዝቡ ለቤት ሠራተኛዋ ከሰጣት ቆይቷል፤ ሕጉ ስሙን ሲያጸድቅላት የምንጽፈው መዝገበ ቃላት ማስረጃ ሊሆን ይገባል።