ካርታው ሲቀላ ቼኩ ይመጣል፤ ሣሩስ?

ዝናብ በሚያጥረው የአሜሪካ ምዕራባዊ የሣር ሜዳ ከብት አርቢው ሐሙስ ሐሙስ የሚጠብቀው አንድ ካርታ አለ። ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየሳምንቱ የሚወጣው የድርቅ መከታተያ ካርታ ነው። አርቢው ያለበት ካውንቲ በግጦሽ ወራት አንድ ጊዜ እንኳ በቀይ ከተቀባ፣ መንግሥት የ3 ወር ድጎማ ይከፍለዋል። የወሩ ክፍያ ከመኖ ወጪ 60 ከመቶው ነው። ፕሮግራሙ በ2008ቱ የእርሻ ሕግ ተጀምሮ በ2014ቱ ቋሚ ሆነ።

በቅድሚያ የሚገባውን ምስጋና ልስጥ። በ1934ቱ ድርቅ መንግሥት የተራቡ ከብቶችን ከ14 እስከ 20 ዶላር ሲገዛ፣ መጀመሪያ ላይ ከግማሽ የሚበልጡት ለምግብ የማይሆኑ ስለነበሩ ተወገዱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ዛሬ ግን አርቢው የሞተ ከብት ቆጥሮ ማሳየት የለበትም፤ መብቱን ካርታው ይነግረዋል።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። እኔ በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ። ቴርሞሜትሩን ሳሎን ሰቅሎ የማድ ቤቱን ሙቀት እቆጣጠራለሁ የሚል ሰው አያሳምነኝም። ይህ ሕግም እንዲሁ ነው። ከካውንቲው አንዲት ጥግ ብትቀላ መላው ካውንቲ ይከፈለዋል። መንገድ ተሻግሮ በሌላ ካውንቲ ያለው ጎረቤት፣ ሣሩ ያው ደረቅ ሆኖ ሳለ፣ ከክፍያው ሊቀር ይችላል። በ2025 ኮንግረስ ለዝቅተኛው የክፍያ ደረጃ ይጠየቅ የነበረውን የ8 ሳምንት ድርቅ ወደ 4 ሲያወርደው በሩን አሰፋ እንጂ መለኪያውን አላረመም።

ከዚህ የሚብሰው፣ ስለ ሣሩ የሚጠይቅ አለመኖሩ ነው። ክፍያው መሬቱ በደህና ዓመት ከሚችለው የከብት ብዛት በላይ አይሄድም፤ መልካም። ድርቅ ግን ደህና ዓመት አይደለም። ባለፉት ሁለት ዓመታት በድርቅ ምክንያት ከብቱን የሸጠ ሰው ለተሸጡት የሚያገኘው ከመደበኛው 80 ከመቶውን ነው። «የሌለውን ከብት ምን ያበላል?» ይባል ይሆናል። ነገር ግን ሜዳውን ያሳረፈው እሱ ነው፤ ሕጉ ግን ይህን እንደ ውለታ አልቆጠረለትም።

ጉዳዩ የአሜሪካኖች ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩ። በቦረናም ከ2012 ጀምሮ የሣሩን ልምላሜ በሳተላይት እየለካ የሚከፍል የከብት ኢንሹራንስ ተሞክሯል። እዚያ አርቢው ራሱ ዓረቦን ይከፍላል፤ ሐሳቡ ግን ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም ከሩቅ አይተው ይከፍላሉ። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከዱ፣ ቦረና መንጋውን ያጣው ሣሩ በማለቁ ነው። የአሜሪካንን ፕሮግራም ለአገራችን የምትመክሩ ወገኖች፣ ፍጥነቱን ውሰዱ፤ ጉድለቱን ግን እዚሁ ተዉት። ከክፍያው የተወሰነው እጅ መሬቱን ለሚያሳርፍ ይሁን። ገንዘብ ከብትን አንድ በጋ ያሻግራል፤ የሚቀጥለውን ዓመት የሚያሻግረው ሣር ነው።

ቸር ያሰማን።