ታጣፊው የአዳኝ ሰንጢ ስለ ምን ተናቀ?

ስለ ብረት ሥራ ሲጻፍ ጎራዴና ጦር በሰፊው ይተነተናሉ፤ ሰንጢ ግን ብዙ ጊዜ ከኪስ ዕቃ ተቈጥሮ ይታለፋል። ይህ አመዛዘን የተሳሳተ መሆኑን ለማስረዳት፥ በአሜሪካ አገር ባክ የተባለው የቤተ ሰብ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1964 ለገበያ ያወጣውን 110 ቍጥር የአዳኝ ሰንጢ መመልከት ይበቃል።

የስለቱ ርዝመት 9.5 ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ እጀታው እንጨት፥ ጫፎቹም ናስ ናቸው። ዋናው ጥበብ ግን ከዓይን የተሰወረ ነው። ስለቱ ሲዘረጋ፥ በእጀታው ጀርባ የተጋደመው ብረት በሞላ ተገፍቶ ከስለቱ ሥር ካለው ጎድጓዳ ስፍራ ይገባና ይቈልፈዋል፤ ብረቱን በጣት ካልተጫኑት በቀር አይታጠፍም። አዳኙ ቈዳ ሲገፍ ስለቱ በጣቶቹ ላይ እንዳይከደን የሚጠብቀው ይኸው ነው።

በእኔ አስተያየት የተናቀበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፥ ክብር የሚሰጠው ለሚገድለው መሣሪያ ነው፤ የሰንጢው ሥራ ግን የሚጀምረው አውሬው ከወደቀ በኋላ፥ ያለ ፉከራና ያለ ዘፈን ነው። ሁለተኛ፥ በብዛት ስለሚሠራ ብርቅ አይደለም፤ ብርቅነት ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደ ጥራት ይቈጠራል።

በርግጥ ነቀፋ አያጣም። ክብደቱ 200 ግራም ያህል በመሆኑ ከኪስ ይልቅ በአፎት ሆኖ በመታጠቂያ ላይ መያዝ ይስማማዋል፤ በማጠፊያውም ደምና ስብ ስለሚገባ ከማይታጠፈው ቢላዋ ይልቅ ለማጽዳት ያስቸግራል። ይህ ነቀፋ ዕቃውን መርምሮ የተገኘ ነው፤ ንቀት ግን ሳይመረምር ይፈርዳል። እኛም ጎራዴውን እያወደስን የሠራውን ቀጥቃጭ ስንንቅ የኖርን ሰዎች ስለሆንን፥ ይህን ስሕተት ከሌላው ቀድመን ልናውቀው ይገባናል።