የ1780 ማኅተም፦ የድሮ ብር ሰብሳቢነትና የማስረጃ ጥያቄ

የድሮ ብር የሚሰበስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዕድሜውን ነው። ሻጩም መልስ አያጣም። የያዘው የብር መስቀል ከማርትሬዛ ጠገራ የተሠራ መሆኑን ይነግረዋል፤ አንዳንዴም ከጠገራው ላይ በቀጥታ ተቆርጦ የወጣ መስቀል አምጥቶ በክንፎቹ ላይ የቀሩትን የላቲን ፊደላት፣ ሲቀናም 1780 የሚለውን ቁጥር በጣቱ ያሳየዋል። ገዢው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ቅርስ ይዞ ወደ ቤቱ የገባ ይመስለዋል። ይህ እምነት መሠረት የለውም። ከዚያም አልፎ የብር ዕቃዎቻችንን ዕድሜ፣ ቦታና ባለሙያ የምናጣራበትን መንገድ ሁሉ አጣሞብናል።

የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላ በስሟ የተመታው ጠገራ ሁሉ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ቀረ። በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ የሚገበያየው ሕዝብ የለመደውን መልክ ብቻ ይቀበል ነበርና ቁጥሩን መቀየር ገንዘቡን ማርከስ ነበር። ነጋዴው የንግሥቲቱን የደረት ጌጥ ዕንቁዎች፣ ዘጠኝ መሆናቸውን፣ ሳይቆጥር የማይቀበልበት ጊዜ ነበር። በ1935 እ.ኤ.አ. ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲሰናዳ የመምቻውን መብት ከኦስትሪያ ተቀብሎ ጠገራውን ሮም ላይ ማስመታት ጀመረ። በማግሥቱ ዓመት ለንደን ተከተለች፤ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይም ተጨመሩ። ሁሉም የጻፉት 1780 ነው። እንግዲህ መስቀሉ የተቆረጠበት ጠገራ ዓድዋ ላይ ለዘመተ ወታደር ስንቅ የተገዛበት ሊሆን ይችላል፤ ወራሪው ባንዳ ለመግዛት የበተነው ሊሆንም ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የታሪክ ልዩነት ነው፤ ቁጥሩ ግን ስለዚህ አንዳች አይናገርም።

ጠገራው ሳይቀልጥ ሲቀር የገንዘብ አጥኚዎች መምቻውን ይለያሉ። በጀርባው ያለውን የንስር የጅራት ላባ አደራደር፣ የደረት ጌጡን ቅርጽ፣ የፊደላቱን አቀማመጥ እያመሳከሩ ቪየና ይሁን ሮም ይናገራሉ። ስለዚህ ሳንቲሙ እንዳለ የተንጠለጠለበት ድሪ፣ ወይም መልኩ በከፊል የቀረበት መስቀል፣ ለሰብሳቢ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ማስረጃ ይዟል። አንዴ ፍም ላይ ከገባ ግን የቀረው ክብደትና ጥራት ብቻ ነው። ማርትሬዛ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። በ1887 ዓ.ም. የወጣው የዳግማዊ ምኒልክ ብርም በክብደትም በጥራትም ሆን ተብሎ ከእርሱ ጋር እንዲቀራረብ የተደረገ ስለሆነ፣ ሁለቱን ከቀለጡ በኋላ በጥራት መለየት አይቻልም። አንድ ነገር ግን ይቻላል፦ «ከማርትሬዛ የተሠራ» ተብሎ የቀረበ አምባር ተመርምሮ 925 ከወጣ የሻጩ ቃል ሊጠየቅ ይገባል። 925 የዛሬው ዓለም ገበያ ብር ነው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው የብር ዕቃ በእኛ ቤት የኖረበት ሥርዓት ነው። ድሪና አልቦ ጌጥም ጥሪትም ነበሩ። እናት ያደረገችው አልቦ ልጅ ስትዳር ወደ አንጥረኛ ይሄዳል፤ አንጥረኛው መዝኖ ይረከባል፣ አቅልጦ በጊዜው ፋሽን ይሠራል፣ መዝኖ ይመልሳል። የጆሮ ኩክ ማውጫው መስቀል ይሆናል፤ መስቀሉ ጉትቻ ይሆናል። ብሩ ከቅርጹ የሚቀድምበት፣ ቅርጹም በዕድሜ ከባለቤቷ የሚያንስበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲህ ባለ ባህል ውስጥ «ይህ የስንተኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ብዙ አያራምድም። ማን አሠራው፣ ለማን፣ ከምን ተለውጦ የሚሉት ጥያቄዎች የበለጠ ያስገኛሉ።

ለንደን ላይ የብር ዕቃ የሚሰበስብ ሰው ይህ ጭንቀት የለበትም። ከ1300 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነብር ራስ ማኅተም የብሩን ጥራት ሲመሰክር ኖሯል፤ ከ1478 ጀምሮ ደግሞ በየዓመቱ የሚቀያየር ፊደል ተጨምሯል። የሠሪውም ምልክት አብሮ አለ። ማንኪያውን ገልብጦ በማጉያ መነጽር ያየ ሰው ከተማውን፣ ዓመቱን፣ ባለሙያውን ያነባል። የእኛ አንጥረኛ ግን ስሙን አልተወልንም። ይህን በችሎታ ማነስ ወይም በትሕትና ብቻ ማስረዳት የሚወዱ አሉ። እኔ ምክንያቱን የማየው በንቀት ውስጥ ነው። ወናፍና መዶሻ የያዘ ሰው በአብዛኛው የደጋ ማኅበረሰብ ዘንድ «ቀጥቃጭ»፣ «ቡዳ» እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል፤ ብዙ ጊዜም ርስት አልነበረውም። አፄ ምኒልክ ሠራተኛውን በሙያው የሚሰድብ እንዳይኖር በአዋጅ እስከመከልከል የደረሱት ስድቡ የአገር ሥራ እስከማቆም ስለደረሰ ነው። እጁ የተናቀ ሰው በእጁ ሥራ ላይ ስሙን ቢቀርጽ ማን ይገዛው ነበር? የአሠሪው ስም በግዕዝ ተቀርጾ የምናገኝበት የመጾር መስቀል አለ፤ የሠሪው ስም ግን ከስንት አንዴ ነው። ዛሬ ሳሎናችን ውስጥ በመስታወት ሣጥን አስቀምጠን ለእንግዳ የምናሳየው ውበት ይህን ታሪክ ተሸክሟል፤ ስለ ዕቃው የሚጻፍ ማንኛውም ነገር ይህን መዝለል አይገባውም።

የስያሜው ጉዳይም ሊመረመር ይገባል። በገበያም፣ በውጭ አገር በሚታተሙ የስብስብ መድበሎችም መስቀሎች በቅርጻቸው ብቻ «የአክሱም»፣ «የላሊበላ»፣ «የጎንደር» እየተባሉ ይመደባሉ። አመዳደቡ ለዓይን ይመቻል፤ ግን ቅርጽ ይጓዛል። ተሳላሚ ከላሊበላ ይዞ የተመለሰውን መስቀል የመንዝ አንጥረኛ አይቶ ይሠራል፤ የአዲስ አበባው ባለሱቅ ደግሞ ሁሉንም በአንድ ወርክሾፕ ያሠራል። በገነተ ልዑል የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ሰፊ የመስቀል ስብስብ አለው። በዚያ ለብዙ ዓመታት ያገለገለው ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ የመስቀሎቻችንን የዘመን ቅደም ተከተል ለማስያዝ ረጅም ዕድሜውን ሰጥቷል። እንዲህ ያለው ሥራ ጸንቶ የሚቆመው የንጉሥ ወይም የአሠሪ ስም በተጻፈባቸው መስቀሎች ላይ ነው። ጽሑፍ በሌላቸው ትናንሽ የአንገት መስቀሎች ላይ ሲደርስ ማንኛውም ሊቅ ወደ ግምት ይገባል። የቤት ሰብሳቢ ለእውቀት ሊጨምር የሚችለው እዚህ ላይ ነው፤ ሙዚየም የማያገኘውን የቤተሰብ ቃል እርሱ ያገኛልና።

ዕቃው ራሱ የሚናገረውም አለ፤ ግን በመወልወል ብዛት እናጠፋዋለን። ብር የሚጠቁረው አየር ውስጥ ካለው የድኝ ውሁድ ጋር ሲገናኝ ነው። ጥቁረቱ በቅርጹ ስርጉድ ውስጥ ሲቀመጥ ሥዕሉን ያጎላዋል፤ አንጥረኛውም ይህን ያውቅ ነበር። በሎሚና በአመድ ያለ ምሕረት የሚፈትግ ሰው በየጊዜው ጥቂት ብር አብሮ ይወስዳል። ናስ ላይ የተቀመጠ ሎሚ ደግሞ ዚንኩን እየበላ ሮዝ ነቁጥ ይተዋል። የቆየ የአንገት መስቀል ጀርባው በደረት ሲታሽ ኖሮ ልስልስ ይላል፤ የማንጠልጠያው ቀለበት በክሩ ተበልቶ ወደ ላይ ይረዝማል፤ የጠርዙ ስለት ይሞታል። በኬሚካል የተጠቆረ አዲስ ሥራ ላይ ግን ጥቁረቱ ሁሉም ቦታ እኩል ነው፣ ቀለበቱም ክብ እንደሆነ ነው። ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ለአብዛኛው የብር ዕቃ ይበቃል። ከዚያ በላይ ማብራት ማስረጃ ማጥፋት ነው።

አንድ ወሰን ግን ማለፍ አይገባም። የመጾር መስቀል፣ ጽና፣ ቃጭል፣ ጸናጽል የቤት ጌጥ ሆነው አልተሠሩም። የአንድ ደብር ንዋየ ቅድሳት ናቸው፤ ብዙዎቹም የሰጪው ስም ተጽፎባቸዋል። ስሙ የተፋቀ መስቀል የሚቀርብለት ገዢ የሚያየው የስርቆት ምልክት ሊሆን እንደሚችል ማወቅ አለበት። በ1989 ዓ.ም. ከላሊበላ የተሰረቀው አፍሮ አይገባ መስቀል አንድ የቤልጅየም ሰብሳቢ እጅ ገብቶ ነበር፤ የተመለሰው በ1993 ዓ.ም. ነው። ያን ያህል የታወቀ መስቀል አራት ዓመት ከፈጀበት፣ ስሙን ማንም የማያውቀው የገጠር ደብር መስቀል ምን ተስፋ አለው? የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግለሰብ ቅርስ እንዲይዝ ይፈቅዳል፤ እንዲያስመዘግብና እንዲጠብቅ ግን ያስገድደዋል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል። «ሰዎች ከሚያቀልጡት እኔ ልያዘው» የሚል ክርክር እሰማለሁ። ለአልቦና ለድሪ እውነትነት አለው። ለደብር ንብረት ግን አይሠራም፤ የገዢ መኖር ራሱ ሌባውን ያሰማራልና።

ስለዚህ የስብስብ ዋጋ በብዛቱ ወይም በዕድሜው ሊለካ አይችልም፤ መለኪያው መዝገቡ ነው። አዲስ አበባም ይኑሩ ዋሽንግተን፣ በእጅዎ የአያት ድሪ ወይም አምባር ካለ፣ የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት እያሉ ይጠይቋቸው፦ የማን ነበር፣ ከየትኛው አገር መጣ፣ አንጥረኛው ማን ይባል ነበር፣ ከዚህ በፊት ምን ነበር። መልሱን ከክብደቱና ከፎቶግራፉ ጋር ይጻፉት፤ ወረቀቱንም ከዕቃው ጋር ያኑሩት። የአንጥረኛው ስም ከተገኘ ከሁሉ በላይ አስቀድመው ይጻፉት።