ስለ ሴቶች ሹመት የሚደረገው ክርክር

በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ከ20ው የካቢኔ አባላት 10ሩ ሴቶች በሆኑ ጊዜ የተነሣው ክርክር እኛን አሰልችቶናል። አንደኛው ወገን ቍጥሩን እየጠራ ፓርቲውን ያወድሳል፤ ሌላው ለውጭ አገር ሰዎች የቀረበ ማሳያ ነው ይላል። ስለ ሴቶቹ ሥራ የሚናገር የለም። ያን ጊዜ አዲስ የተቋቋመው የሰላም ሚኒስቴር የፌዴራል ፖሊስንና የደኅንነት መሥሪያ ቤቱን ጭምር እንዲቈጣጠር ተደርጎ ለወይዘሮ ሙፈሪያት ካሚል ተሰጠ። ይህ ሁሉ ሥልጣን በወረቀት ነው ወይስ በእጅ? ብሎ መመርመር ይገባ ነበር። ተከራካሪዎቹ ግን ወንበር ቈጥረው ተለያዩ።

ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በ1950 ዓ.ም. ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ሲመረጡ አገሪቱ የፖለቲካ ፓርቲ አልነበራትም፤ ተወዳዳሪ ሁሉ በገዛ ስሙ ይቀርብ ነበር። (ያን ዘመን ማመስገናችን አይደለም፤ ንብረት የሌለው ዕጩ መሆን አይችልም ነበርና።) ዛሬ ግን ከጥቂት የግል ተወዳዳሪዎች በቀር ዕጩውን የሚያቀርበው ፓርቲ ነው። የምርጫው አዋጅ ቍጥር 1162/2011 የመንግሥት የገንዘብ ድጋፍ ሲከፋፈል የሴት ዕጩዎች ብዛት እንዲታሰብ ያዝዛል፤ ድጋፉን የሚቀበለው ግን ፓርቲው ነው። እንግዲህ ስለ አንዲት ዕጩ የሚጽፉ ሰዎች፣ ከዝርዝሩ ማን አስገባት፣ ማንስ ሊፍቃት ይችላል የሚለውን ጥያቄ ባይዘሉት እንወዳለን።