«በጎ ፈቃደኛ» ወይስ ኃላፊ? በሙያ ማኅበር የኮሚቴ አባላት አጠራር ላይ የቀረበ ሂስ

ጉደር ሲባል ብዙው አንባቢ ወንዙንና በስሙ የሚጠራውን ወይን ጠጅ ያስታውሳል። ለተርጓሚ ግን ከአምቦ በስተ ምዕራብ ያለችው ይህች ከተማ ሌላም ቁም ነገር አላት፤ ይኸውም የአምቦ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ካምፓስ የሚገኝባትና ኦሮምኛና አማርኛ ጎን ለጎን የሚነገሩባት ስፍራ መሆኗ ነው። በዚያ ለሚኖር አንድ የሙያው ሰው «በማኅበሩ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ውስጥ በበጎ ፈቃደኝነት እንዲያገለግሉ» የሚል ጥሪ በአማርኛ ከአንድ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ማኅበር ደረሰው እንበል። ጥሪውን ለባልደረቦቹ በኦሮምኛ ለማስረዳት ሲነሣ «ሥነ ልቦና»፣ «ኮሚቴ» እና «በጎ ፈቃደኛ» የሚሉት ቃላት ያስቆሙታል። ሁለቱን በአጭሩ አይተን በሦስተኛው ላይ እናተኩራለን።

የሙያው ስም ብዙ አያከራክርም። አማርኛ «ልቡና» ከሚለው የግዕዝ ቃል ተነሥቶ «ሥነ ልቦና» ሲል፣ ኦሮምኛ አእምሮ የሚል ትርጉም ባለው «ሰሙ» ላይ ተመሥርቶ «ጢንሰሙ» ይላል። አንዱ ከልብ፣ ሌላው ከአእምሮ ቢነሣም ሁለቱም ተለምደዋል። «ሳይኮሎጂስት» የሚለው የውጭ ቃልም በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ቦታ ይዞ ይገኛል። የስያሜው መነሻ መለያየቱ መግባባትን አላሰናከለም።

«ኮሚቴ» ከፈረንሳይኛ የመጣ ቃል ነው። በግዕዝ በኩል «ደርግ» የሚል አቻ ነበረው፤ ነገር ግን ይህ ቃል ከሰኔ 1966 ዓ.ም. በኋላ የአንድ መንግሥት ስም ሆኖ ስለ ቀረ ለተራው ሥራ የሚመልሰው አይገኝም። ስለዚህ «ኮሚቴ» ይቆይ እንላለን።

ሂሳችን የሚያርፈው «በጎ ፈቃደኛ» ላይ ነው። በመጀመሪያ፣ «ፈቀደ» በግዕዝ ወደደ፣ ፈለገ ማለት ሲሆን፣ የዛሬው አማርኛ «ፈቃድ»ን ለመውደድም፣ ለማስፈቀድም፣ ለዕረፍትም ይጠቀምበታል፤ የንግድ ፈቃድ፣ የዓመት ፈቃድ፣ የሙያ ፈቃድ እንላለን። በሥነ ልቦና ሙያ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጫና ይጨመርበታል። በምርምር ላይ ለመሳተፍ የተስማማው ሰው «ፈቃደኛ ተሳታፊ» ይባላል። እንግዲህ በአንድ የሥነ ምግባር ደንብ ውስጥ መብቱ የሚጠበቅለት ሰው «ፈቃደኛ»፣ የእርሱን መብት መጠበቅ የተጣለበት የኮሚቴ አባል ደግሞ «በጎ ፈቃደኛ» ሊሆኑ ነው። ጠባቂና ተጠባቂ በአንድ ቅጽል ብቻ ሲለያዩ ደንቡን የሚተረጉም ሰው መሳሳቱ አይቀርም።

ሁለተኛውና ዋናው ነጥብ «በጎ» የሚለው ቅጽል ነው። ቃሉ ስለ ሥራው ዋጋ ሳይሆን ስለ ሠሪው ጠባይ ይመሰክራል። በጎነቱ አስቀድሞ በስሙ የተመሰከረለትን ሰው ደግሞ «ምን ሠራህ? ስለ ምን እንዲህ ወሰንህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ይመስላል። ኦሮምኛው «ቶላ ኦልቱማ» በዚህ ረገድ ይሻላል። «ቶላ» በነጻ፣ ያለ ዋጋ ማለት ነው፤ «ኦሉ» ደግሞ መዋል ነው። አማርኛም «ውለታ ዋለ» ሲል በዚያው መንገድ ይሄዳል። ውለታ ግን በደንብ ከተሰጠ ሹመት ይለያል፤ ስለሆነም ኦሮምኛውም ቢሆን ለኮሚቴ አባል ሙሉ በሙሉ አይስማማም።

ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሣነው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1892 የተመሠረተው የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር የመጀመሪያውን የሥነ ምግባር ደንብ በ1953 ሲያወጣ፣ ኮሚቴው በሥራ ላይ ያጋጠሙ ከ1000 የሚበልጡ ሁኔታዎችን ከአባላቱ አሰባስቦ ደንቡን በእነርሱ ላይ መሥርቷል። ይህ የኮሚቴ አገልግሎት መልካም ገጽታ ነው። በዚያው ማኅበር በ2005 ስለ ሥነ ምግባርና ስለ ብሔራዊ ጸጥታ መመሪያ ካወጡት ዘጠኝ ድምፅ ሰጪ አባላት መካከል ስድስቱ ከጦሩ ወይም ከስለላ ተቋማት ጋር ግንኙነት ነበራቸው። በ2015 የወጣ ገለልተኛ ምርመራ የማኅበሩ ኃላፊዎች መመሪያው እንዲላላ ከመከላከያ ሚኒስቴር ሰዎች ጋር መመካከራቸውን ገለጸ፤ የማኅበሩ ምክር ቤትም በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ባለሙያዎቹ በብሔራዊ ጸጥታ ምርመራ እንዳይካፈሉ ከለከለ። ያለ ደመወዝ ማገልገል ከተጠያቂነት እንደማያድን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

የአገራችንም ሕግ ልዩነቱን ያውቀዋል። አዋጅ ቁጥር 621/2001 «የበጎ አድራጎት ድርጅቶች»ንና «ማኅበራት»ን በአንድ ርእስ ሥር ቢያመጣም ለይቶ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ለሕዝብ ጥቅም፣ ሁለተኛዎቹ ለአባሎቻቸው መብትና ጥቅም የሚቆሙ ነበሩ። አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ቢተካም ትምህርቱ አልተሻረም።

«ቃሉ ተለምዷል፤ የለመደን ቃል መንካት ምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ቃሉ ይጥፋ አላልንም። የደከመን የሚረዳ፣ ለተቸገረ ያለ ክፍያ ምክር የሚሰጥ ሰው በጎ ፈቃደኛ ይባል፤ ያምርበታል። የኮሚቴውን አባል በተመለከተ ግን መልሱ በየሰፈራችን አለ። ዕድር ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። ብዙዎቹ ያለ ደመወዝ ያገለግላሉ፤ ሆኖም ገንዘብ ያዡን «በጎ ፈቃደኛ» ብሎ የሚጠራ የለም። ሕዝቡ ሰውን የሚጠራው ባልተቀበለው ደመወዝ ሳይሆን በተቀበለው ኃላፊነት ነው፤ ሒሳቡንም በጉባኤ ይጠይቀዋል።

ስለዚህ የሚከተለውን እናቀርባለን። በማኅበር ደንብና ደብዳቤ ውስጥ «የኮሚቴ አባል» ወይም በምርጫ ከሆነ «የኮሚቴ ተመራጭ» ይባል፤ ክፍያ አለመኖሩ በስሙ ሳይሆን «ያለ ክፍያ ያገለግላል» በሚል ሐረግ ይገለጽ፤ «ፈቃደኛ» ደግሞ ለምርምር ተሳታፊው ይተው። ያ የጉደር ሰው ጥሪውን ሲተረጉም እንግዲህ «ኮሬ» ውስጥ አባል እንዲሆን፣ ያለ ክፍያ እንዲሠራና ለሠራው መልስ እንዲሰጥ መጠየቁን ሳይደናገር ይናገራል። በየአካባቢው ለዚህ ዓይነት አገልጋይ የሚነገር የተሻለ ስያሜ ያላችሁ አንባብያን ብትልኩልን በምስጋና እንቀበላለን።