ስለ አጋም አጥር

አገራችን «ካጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» እያለች በተረቷ አጋምን ስትወቅስ ኖራለች፤ እውነትም በራያ ቆቦ ሜዳ ሁለቱ ጎን ለጎን በበቀሉበት አጥር፥ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር የአጋሙ እሾህ የቁልቋሉን ገላ እየወጋው ነጭ ወተቱ እንደ እንባ ሲወርድ ይታያል። ነገር ግን ግቢዬን በአጋም ካጠርሁ ወዲህ፥ መቁረጫ ይዤ በቀረብሁት ጊዜ ሁሉ አጋም ራሱ ከተቆረጠው ቅርንጫፍ ያንኑ የመሰለ ነጭ ወተት ሲያነባ አይቻለሁ።

የሊቃውንቱም ስም አወጣጥ በሁለት ወገን ነው፤ የስዊድኑ ሊቅ ሊኔዎስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1771 ዓ.ም. ከእሾሁ ተነሥቶ «ካሪሳ ስፒናሩም» ሲለው፥ ሌሎች ደግሞ ፍሬውን አይተው «ኤዱሊስ»፥ ማለትም የሚበላ፥ ብለውታል። የአጥር ባለቤት ግን ሁለቱን ስሞች በአንድ ግንድ ላይ አስታርቆ መኖር አለበት።

ዘሩን ከጠቆረ ፍሬ አውጥቼ፥ አጥቤና በጥላ አጠንፍፌ፥ ሳላቆይ በመደብ እዘራለሁ፤ ችግኙንም ሐምሌ ሲገባ በሁለት ስንዝር ርቀት እተክላለሁ። የራያ ገበሬ ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ መርቶ ማሽላውን እንደሚያጠጣ፥ እኔም የመንገዱን ውሃ በቀጭን ቦይ ወደ ሥሩ እመልሳለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ከፍየል የጠበቁት እንደ ሆነ ከዚያ በኋላ ራሱን ይጠብቃል፤ በግንቦት ሐሩር ሜዳው ሁሉ ሲነድ እርሱ ቅጠሉን ሳያረግፍ ሲከርም ባየሁ ጊዜም፥ በነበልባል መካከል ሐመልማሉ ያልጠፋው የሲናው ዕፀ ጳጦስ ይታወሰኛል።

የጥበቡ ዋና ነገር ግን መግረዝ ነው። አንድ ዓመት አጥሩ እንደ ግንብ ቀጥ እንዲልልኝ ፈልጌ ከላይም ከጎንም እኩል ከረከምሁት፤ አጋም የሚያብበው በቅርንጫፉ ጫፍ ነውና፥ ያን ዓመት ከውጭ ቀላ ብሎ ሲፈነዳ አምስት ነጭ ቅጠል የሚዘረጋውን፥ ሽታው ደጁን የሚሞላውን ጽጌ ሳላይ ቀረሁ፤ ጫፉን የቆረጠ ሰው የሚመጣውን ፍሬ አብሮ ቆርጦታልና። ከዚያ ወዲህ ፍሬው ቀልቶ፥ ጠቁሮ፥ የሰፈሩ ልጆች ለቅመው ከጨረሱት በኋላ፥ ያረጀውን ቅርንጫፍ ብቻ ከውስጥ እያወጣሁ ለጋውን እተዋለሁ። ልጆቹንም ሳይጠቁር እንዳይቀጥፉ እመክራለሁ፤ የጥሬው ወተት ከንፈር ላይ ይጣበቃል።

በአጥሬ ማዕዘን አንድ አሮጌ ቁልቋል አለ። ንቀለው ያሉኝ ነበሩ፤ እኔ ግን በየዓመቱ ወደ እርሱ የዘረጋውን የአጋም ቅርንጫፍ አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ እመልሳለሁ። ተረቱ የወጊውንና የተወጊውን ነገር ሲያወራ፥ በመካከላቸው ቆሞ የሚገርዘውን ባለአጥር አላነሣም። የቁልቋሉ ጠባሳ ዘንድሮ ደርቋል።