ጭብጨባ የሚቀድመው ሰው

አንድ ተዋናይ ሲታወቅ ሰው ቶሎ ብሎ የሚለው «ኮራ» ነው። ሰላም አይልም፣ ስልክ አያነሳም፣ ጥቁር መነጽሩን ማታም አያወልቅም። እኔ ግን ቴአትር ሳዘጋጅ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ የተዋናይ ኩራት ያን ያህል አስቸግሮኝ አያውቅም። ሰዓቱን አክብሮ ከመጣ፣ ቃለ ተውኔቱን አጥንቶ ከሠራ፣ ኩራቱን ይዞ ቢሄድ ምን ገዶኝ። (እንዲያውም ትሑት ነኝ ባዩ ነው ልምምድ የሚቀርብኝ።) የሚያስቸግረኝ ጆሮው ነው።

የትወና ግማሹ፣ ምናልባትም ከግማሽ በላዩ፣ መስማት ነው። የሥራ ባልደረባህ የሚልህን ቃል ከልምምድ ጀምሮ በቃልህ ታውቀዋለህ፤ ዛሬ ማታ እንደ አዲስ ካልሰማኸው ግን መልስህ ውሸት ይሆናል። ዝነኛ ሲሆን መጀመሪያ የሚሄድበት ይሄ ነው። ዓይኑ አጠገቡ ያለችውን ሴት እያየ ጆሮው አዳራሹ ውስጥ ነው፤ ማን ሳቀ፣ ማን አንሾካሾከ፣ ማን ስልኩን አወጣ።

አንዱን ላውራ። በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ አገር ያወቀው ልጅ ነው፤ ስሙን እንተወው። የሰጠሁት ሚና መርዶ ነጋሪ ነበር። በር ይንኳኳል፣ ባልና ሚስት ይደነግጣሉ፣ እሱ ይገባል፤ የሞተው የሴትዮዋ ወንድም ነው። ቃሉ ሦስት መስመር አይሞላም። በምርቃቱ ዕለት ገና አንድ እግሩ መድረኩን ሲረግጥ አዳራሹ በጭብጨባና በፉጨት ተናወጠ። ተመልካቹ ምን በደለ? የሚወደውን ሰው ነው ያየው። ልጁ ቆሞ ጠበቀ፤ ይሄም ደንብ ነው፣ በጩኸት ላይ ቃል አይጣልም። ሲጠብቅ ግን አገጩን ቀና አደረገ፤ ከንፈሩ ዳር ላይ ፈገግታ የምትመስል ነገር መጣች። ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ የተቀመጠ ሰው ላያያት ይችላል። ሚስት ሆና የምትጫወተው ግን አየቻት፤ መርዶ ይዞ በመጣ ሰው ፊት ላይ! ከዚያ ወዲያ ያለቀሰችው ለቅሶ ሁሉ የጥናት ለቅሶ ሆነ።

ማታውኑ ስነግረው «ኧረ ጋሼ፣ እኔ አልሳቅኩም» አለኝ። አልዋሸም። «አንድ ፎቶ እንነሳ» ላለው ሁሉ ሲሰጠው የኖረው ፊት ነው፤ ጭብጨባ ሲሰማ ሳይጠሩት ይመጣል። እንዲህ ያለውን ነገር ምክር አያስተካክለውም። ስለዚህ አገባቡን ቀየርኩት። መርዶ በእኛ ወግ ጎህ ሲቀድ፣ ጎረቤትና ዘመድ ተሰብስቦ የሚነገር ነው። ጋቢ አከናንቤ፣ ከሁለት ሽማግሌዎች ኋላ፣ መብራቱ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ አስገባሁት። ተመልካቹ በድምፁ ሲያውቀው መርዶው ተነግሮ አልቋል። ያኔ ማን ያጨበጭባል?

ያ ፊት ከየት እንደሚመጣ ብዙ አስቤበታለሁ። አብዛኛው የሚሠራው ቃለ መጠይቅ ላይ ይመስለኛል። ተዋናዩ ለመጀመሪያ ጊዜ አስተዳደጉን ሲያወራ ይደናቀፋል፣ ይረሳል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ደስ ይላል። ከበርካታ ፕሮግራሞች በኋላ ግን ታሪኩ ተኮትኩቶ ያልቃል። የትኛው ቃል ላይ አቅራቢዋ እንባዋን እንደምትጠርግ ያውቃል። በልምምድ እረፍት ላይ፣ ቡና እየጠጣን፣ አንዱ ስለ እናቱ ሲያወራ ሰማሁና ዝም የሚልበት ቦታ ሳይቀር ቴሌቪዥን ላይ እንዳየሁት ሆነብኝ። እናቱን ነው እኮ የሚያወራው! ራሱን እየተወነ ነበር። ለዚህ ሚና ደግሞ «ይሄን ቁረጠው» የሚል አዘጋጅ የለውም፤ መጋረጃም አይዘጋበትም።

የቀደሙት ሌላ ጣጣ ነበረባቸው። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ተመሥርቶ ቴአትር ማሳየት በጀመረበት ዘመን መድረክ ላይ የሚወጣ ሰው «አዝማሪ» እየተባለ ይናቅ ነበር፤ የሴቷን ሚና ሳይቀር ወንድ ነበር የሚሠራው። በኋላ ሬዲዮ መጣ። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ አገር ሙሉ ድምፁን አወቀ። የመድረክም ሰው ስለነበር አዲስ አበቤ ፊቱንም ያውቀው ነበር፤ ራቅ ያለው አድማጭ ዘንድ ግን ድምፅ ብቻ ነበር። ለተዋናይ ከዚህ የተሻለ ዝና ያለ አይመስለኝም። ፊትህ ለራስህ ይቀራል፤ ታክሲ ውስጥ ጥግ ይዘህ ረዳቱ በመልስ ሲጨቃጨቅ ታያለህ፣ ነገ መድረክ ላይ የምታወጣውን እጅ ከዚያ ትለቅማለህ። ዛሬ ያ መርዶ ነጋሪ የሆነልኝ ልጅ ታክሲ ቢሳፈር ጭቅጭቁ ይቆምና ረዳቱ ሰልፊ ይጠይቃል።

በገጸ ባሕርይ ስም መጠራት ክፉ ነው የሚሉ አሉ። አበበ ባልቻ በ«ሰው ለሰው» ድራማ አስናቀን ሆኖ ከተጫወተ በኋላ ስንቱ አስናቀ ብሎ ነው የሚያውቀው። አሜሪካዊው ሌናርድ ኒሞይ ስፖክ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ተጫውቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 «እኔ ስፖክ አይደለሁም» የሚል መጽሐፍ አሳተመ፤ ከ20 ዓመት በኋላ ደግሞ «እኔ ስፖክ ነኝ» የሚል። እኔ ግን በገጸ ባሕርይ ስም መጠራቱ ይሻላል ባይ ነኝ። አስናቀን የጠላ ሰው ተዋናዩን አወደሰ እንጂ አልነካውም፤ በመሃል ሌላ ሰው አለ። የከፋው በገዛ ስምህ «የኛ ልጅ» ተብለህ ስትወደድ ነው። ያን የሚወደድ ሰው ማበላሸት ትፈራለህ።

ፍርሃቱ ደግሞ ደሞዝ አለው። ለልጆች ምግብ ማስታወቂያ የፈረመ ተዋናይ ልጁን የሚደበድብ አባት ሆኖ አይጫወትልህም። «ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ ትንሽ ጥሩ ሰው ቢሆንስ?» ይልሃል። ደራሲው የጻፈው ክፉ ሰው ነው! ውሉ ላይ ግን የድርጅቱን ስም የሚያጎድፍ ነገር አታድርግ የሚል አንቀጽ አለ፤ እሱ ደግሞ የቤት ኪራይ አለበት። በዚያ ላይ ዩቲዩብ። በሕይወት እያለ «አረፈ» የሚል ርዕስ ተለጥፎበት እናቱ እያለቀሱ የደወሉለት ልጅ አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ ማታም መነጽር ቢያደርግ አልፈርድበትም።

አሁን አሁን የታወቀ ሰው ሲመጣልኝ በልምምዱ መጀመሪያ ቃል የሌለው ሥራ እሰጠዋለሁ። ጥግ ላይ ተቀምጦ ጫማ ይጠግናል፣ ሌሎቹ ያወራሉ፣ እሱ ይሰማል። አንዳንዱ በማግስቱ ይቀራል። አንዲት በጣም የታወቀች ልጅ ግን ገቢሩን በሙሉ ቡና ስትቆላና ስታፈላ ቆይታ፣ «ሁለቱ ወንዶች የሚጣሉት በገንዘብ ሳይሆን በእኔ እንደሆነ የገባኝ አሁን ነው» አለችኝ። እኔም ገና ያኔ ነበር የገባኝ።

አንድ ጊዜ የቴአትሩ ፖስተር ላይ የማንም ፊት እንዳይወጣ ፕሮዲዩሰሩን ጠይቄው ነበር። «ትኬቱን የሚሸጥልህ ፊቱ ነው» አለኝ። ልክ ነው፤ የእኔም ክፍያ የሚወጣው ከዚያው ትኬት ነው።